ፋውስቶ ያላስተኮሳት ጠመንጃ

ባሌ ፋውስቶ ሁለት ጠመንጃ ትቶ ሞተ። በአንዷ ዕድሜ ልኩን ተኩሷል፤ ሌላዋን አንድ ቀን እንኳ አልተኮሳትም፣ ለሰውም አላስተኮሳትም። ጣጣ ያመጣችብን ያልተተኮሰችው ናት።

ሁለቱም ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃዎች ናቸው፤ አፈሙዞቻቸው እንደ መንታ ጎን ለጎን የተኙ። ከሩቅ ያየ እህትማማቾች ይላቸዋል። እኔን ግን እንዲህ ብሎ የሚሸውደኝ የለም። እኔ ሳንቲና ሰደፍ ላይ መረብ ስቆርጥ ያረጀሁ ሴት ነኝ። እዚህ ሸለቆ ውስጥ ባለችው ከተማችን በጋርዶኔ ከጠመንጃ አንድ ነገር የማይሠራ ቤት አልነበረም። ወንዙ ዳር ያሉት አፈሙዝ ይቦረቡራሉ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያሉት ምላጭ ይሞርዳሉ፤ እኛ ሴቶቹ ደግሞ ልጅ እያጠባን፣ ፖሌንታ የምንለውን የበቆሎ ገንፎ እያማሰልን፣ የያዘውን እጅ እንዳያዳልጠው በሰደፉ አንገት ላይ እንደ ዓሣ መረብ የተጠላለፈውን መስመር እንቆርጣለን። ትምህርት ቤት የገባሁት ወለሉን ለመጥረግ ብቻ ነው። ቢሆንም መስመር ማስመር የሚያስተምረኝ መምህር እስካሁን አልተወለደም።

ፋውስቶ የሞራንዲኒ ወርክሾፕ ሠራተኛ ነበር። ሥራው ማጋጠም ነው፤ አፈሙዙ ከጠመንጃው አካል ጋር የሚገናኝበትን ቦታ እየሞረደ፣ ብረቱ ከብረቱ ጋር እንደ ሁለት ከንፈር እንዲገጥም ማድረግ። ሞራንዲኒ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጠመንጃዎቹን በቁጥር ነበር የሚጠራቸው። ቁጥር አንድ ከሁሉ ርካሹ ነው፤ ለገበሬው፣ ለፖስተኛው፣ ለደብሩ ቄስ። ቁጥር ስድስት ደግሞ ለመኳንንትና ለፋብሪካ ባለቤቶች። ስለ መንግሥት ብትጠይቁኝ አላውቅም፣ ስለ ሐኪም ቤት ብትጠይቁኝ አላውቅም። በአንድና በስድስት መካከል ስላለው ልዩነት ግን ጠይቁኝ።

በቅሎዋ የምንላት ቁጥር አንድ ናት። የተጋባን ሰሞን ፋውስቶ ለራሱ አጋጠማት። ሆድ ዕቃዋ፣ የሚያስተኩሳት ብረት፣ በሙሉ በአንድ የብረት ሳጥን ውስጥ ታጭቋል። ጌጧ ዙሪያዋን የተሰመረ አንድ መስመር ነው፤ እሱም ጠማማ። እንጨቷ ሰደፍ የሚሠራበት የገውዝ ዛፍ ነው፣ ግን እንደ መጥረጊያ እጀታ ቀጥ ብሎ የወረደ፣ ምንም የማያሳይ ገውዝ። እኔም በላይዋ የቆረጥኩት መረብ ሰፋፊ ነው፤ ከአማቴ ጋር እየተጨቃጨቅኩ በአንድ ከሰዓት ጨረስኩት። ስትዘጋ «ጓ!» ትላለች፣ እንደ በረት በር። ግን ሠርታለች። ዝናብ ጠጥታለች፣ ከገደል ወድቃለች፣ አንድ ክረምት ሙሉ ዶሮ ቤት ተደብቃ ከርማለች። ልጄ ኦታቪዮ የመጀመሪያ ጥንቸሉን የጣለው በእሷ ነው።

ሌላዋ ሙሽራዋ ናት። ቁጥር ስድስት። ኦታቪዮ ክርስትና የተነሳ ሰሞን ሞራንዲኒ ከጥሩ ብረት የተቦረቦሩ ሁለት አፈሙዞች ለፋውስቶ ሸለመው፤ እሱም እሁድ እሁድ ምድር ቤት እየወረደ ለራሱ ይሠራት ጀመር። አንድ ሁለት እሁድ ይበቃዋል ብዬ ነበር። ልጁ ጥርስ አበቀለ፣ ጢም አበቀለ፣ ሚስት አገባ፤ ፋውስቶ እሁድ እሁድ ምድር ቤት ነው። ሌሎች ሚስቶች ከባሎቻቸው ጋር ወንዙ ዳር ሲንሸራሸሩ እኔ ከወለሉ በታች የሞረድ ድምፅ እየሰማሁ ነው ያረጀሁት።

አሁን ስሕተቱን ልንገራችሁ። በእኛ አገር አፈሙዝ ወደ መሞከሪያ ቤት የሚሄደው ገና ጥሬ ሳለ፣ መልኩ ሳያምር ነው። እዚያ ከወፍራም ግንብ በስተጀርባ ከልኩ በላይ ባሩድ የተጫነ ጥይት ይተኮስበታል። ከቻለ ማኅተም ይመታለታል። ካልቻለ ይነፋል፣ ይሰነጠቃል፣ ይጣላል። ያኔ የሚጠፋው ትንሽ ድካም ነው። ይህን በጋርዶኔ የማያውቅ ሕፃን የለም። ፋውስቶ ግን «መጀመሪያ ትንሽ ላስተካክላት» አለ። መሞከሪያ ቤቱ የሰጠውን ቀጠሮ አሳለፈ። ሌላም ቀጠሮ አሳለፈ። በጠየቅኩት ቁጥር «ገና ናት» ይለኛል። ይህን እያለ ሰደፉ ተሠራ፣ መረቡን እኔ ቆረጥኩ፣ ጓደኛው ቦርቶሎ ብረቷ ላይ ሥዕል ቀረጸባት፤ ፋውስቶ ቀና ብሎ ሲያያት እንዳትሞከር ሆና አምራ አገኛት። ከዚያ በኋላ እንኳን ከባሩድ፣ ከእርጥብ እጅም ይጠብቃት ጀመር። ኦታቪዮ እንኳ እንዲነካት አይፈቀድለትም። ገና ናት።

«ገና ናት» እያለ በክረምቱ ሞተ።

በረዶው ሲቀልጥ ኦታቪዮ ሁለቱን ጠመንጃዎች በስሙ ለማዛወር ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወሰዳቸው። ሲመለስ ፊቱ ከጠመንጃው ከረጢት የጠቆረ ነበር። ቦርቶሎም እኔ ቤት ነበር፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሁልጊዜ እኔ ቤት ነው፣ ድስት ሲከደን ይሸተዋል።

«ምን አለ ሹሙ?» አልኩት።

«በቅሎዋን እሺ አለ። ሙሽራዋን ገልብጦ አየ፣ ከታች አየ፣ መነጽር አድርጎ አየ። 'ማኅተሟ የታለ?' አለኝ። ምን ልበለው? አባቴ አፈቀራት ልበለው?»

«እና?»

«በሕግ ፊት ጠመንጃ አይደለችም እማ። ሁለት መንገድ ነው ያላት። ወይ መሞከሪያ ቤት ትሄዳለች፣ ወይ አፈሙዟ ይበሳና ለዘላለም ዝም ትላለች። ከተበሳች በኋላ ግድግዳ ላይ ብትሰቀል ማንም አይጠይቀንም።»

ቦርቶሎ ሹካውን አስቀመጠ። ብረት ላይ ሥዕል ሲቀርጽ የኖረ ሰው ነው፤ ዓይኖቹ አሁን ሾርባና ቡና አይለዩም፣ ምላሱ ግን ደህና ነው። «ትበሳ» አለ። «ቀዳዳው ከታች ነው፣ አይታይም። ብረቱ ላይ የቀረጽኳትን ወፌን አይነካትም።»

«ያንተ ወፍ!» አልኩት። «ባሌ ነው ወይስ ያንተ ወፍ ነው የተቀበረው?»

«ሳንቲና፣ እኔ ያቺን ወፍ ስሠራ ትንፋሼን ይዤ ነው። ብትፈነዳ እኔም አብሬ ነው የምፈነዳው።»

«አንተ ከፈነዳህ ቢያንስ ወጥ ይተርፈኛል።»

ኦታቪዮ አልሳቀም። «ጋሼ ቦርቶሎ ልክ ነው። እማ፣ አባዬ በዚህ ሸለቆ ምርጡ የማጋጠም ሠራተኛ ነበር። ሰው ሁሉ ይህንኑ ነው የሚለው። ሄዳ ብትሰነጠቅ ነገ በየቡና ቤቱ የሚወራው ምን ይመስልሻል? 'የፋውስቶ ሙሽራ ሆዷ ባዶ ነው' ነው የሚሉት። ተበስታ ብትሰቀል ግን ማንም አያውቅም።»

«ማንም አያውቅም» አልኩ። «እኔም ጭምር።»

እነሱ የሚፈሩት የሰው አፍ ነው። እኔ የሰው አፍ ከልጅነቴ ጀምሮ ይከተለኛል፣ ለምጄዋለሁ። እኔ ከመሞቴ በፊት አንድ ነገር ብቻ ነው ማወቅ የምፈልገው። ያ ሰውዬ እሁዶቼን ሁሉ የወሰደው ለጠመንጃ ነው ወይስ ለጌጥ? ለጠመንጃ ከሆነ ይቅር እለዋለሁ። ለጌጥ ከሆነ መቃብሩ ላይ አበባ ማድረጌን አቆማለሁ፤ እንዲህ ነኝ እኔ።

«ሁለቱንም አምጣቸው» አልኩት ልጄን። «ጠረጴዛውን ጥረግ። ቦርቶሎ፣ ዳቦህን አንሳ።»

ጎን ለጎን አስተኛናቸው። በመስኮቱ የመጋቢት ፀሐይ ይገባ ነበር። እውነቱን ልናገር፤ ሙሽራዋን በቀን ብርሃን፣ ከበቅሎዋ አጠገብ፣ እንዲያ ተጋድማ አይቻት አላውቅም። ፋውስቶ ሁልጊዜ ከጨርቅ ውስጥ አውጥቶ አንድ ጎኗን ብቻ ነው የሚያሳየኝ፣ ከዚያ ቶሎ ይጠቀልላታል።

እንጨቷ ከገውዝ ሥር የተቆረጠ ነው። ከምድር በታች፣ ከድንጋይ ጋር ሲታገል የኖረ ሥር። ውስጡ ጭስ አለ፣ ማር አለ፣ ጥቁር ደመና አለ፤ ጭንቅላቴን ሳዘነብል ደመናው አብሮኝ ይሄዳል። የቆረጥኩት መረብ በጣም ከመድቀቁ የተነሳ መስመሩን ከመስመሩ የሚለየው ዓይን አይደለም፣ ጣት ነው። ሲዳስሱት እንደ ድመት ምላስ ነው። ያን መረብ የቆረጥኩት ጠዋት ጠዋት ብቻ፣ መስኮት ሥር ነበር፤ ሰማዩ ከደመነ መሣሪያዬን አስቀምጬ ልብስ አጥባለሁ።

ከጎኖቿ ሁለት የብረት ሳህኖች አሉ፤ በበቅሎዋ ላይ የሌሉ። ሆድ ዕቃዋ የተንጠለጠለው በእነሱ ላይ ነው። በቀኙ ሳህን ላይ የቦርቶሎ ወፍ አለች፤ በመከር ከጫካችን የማትጠፋው፣ ያቺ ረጅም መንቁር ያላት ቤካቻ፣ ከረገፈ ቅጠል መሃል ልትነሳ ክንፏን ስታነሳ። የተሠራችው በመስመር አይደለም፤ በመርፌ ጫፍ ከተወጉ ነጥቦች ነው። ላባዋ ነጥብ ነው፣ ቅጠሉ ነጥብ ነው፣ በዓይኗ ውስጥ ያለው ብርሃን ሳይወጋ የተተወ አንድ ባዶ ቦታ ነው። ኦታቪዮ ጎንበስ ሲል ትንፋሹ ብረቱን አደበዘዘው፤ ጉሙ ሲለቅ ወፏ ከጭጋግ ውስጥ ወጣች። ልጄ ወደ ኋላ ሸሸ።

«የተነሳች መሰለኝ» አለ።

«ሁልጊዜ እንዲያ ነው የምታደርገው» አለ ቦርቶሎ፤ ድምፁ ግን ተሰበረ። እሱ ራሱ ከእንግዲህ አያያትም። በአውራ ጣቱ ነው የዳሰሳት።

ከዚያ ኦታቪዮን ሳህኑን እንዲፈታ አዘዝኩት። ትንሹን መፍቻ አምጥቶ ፈታው። የበቅሎዋን ሆድ ዕቃ አይቼዋለሁ፤ የሞረድ ጥርስ እንደ ሻካራ አስፋልት የቀረበት ነው፣ ማን ያየዋል ተብሎ የተተወ። ይኸኛው ሲገለበጥ አፌን ዘጋሁ። እኔ አፌን መዝጋቴን የሰማው ቦርቶሎ ወንበሩን ሳበና «ምንድን ነው? ምን አያችሁ?» አለ። ማንም በማያየው በኩል፣ በሳህኑ ጀርባ፣ እያንዳንዱ ብልት እንደ መስታወት ተወልውሏል። ዓይኔን አየሁበት፣ ከነሽበቴ፣ ከነሽብሽቤ። እያንዳንዷ ትንሽ ብሎን በእሳት ሰማያዊ ሆና ራሷ ላይ ያለችው ስንጥቅ በአንድ አቅጣጫ ዞራለች፤ ሁሉም ወደ አፈሙዙ ያያሉ፣ እንደሚጸልዩ ሰዎች። አንድም የተረሳ የለም።

«የውስጡን» አልኩ ቀስ ብዬ። «የውስጡን ሁሉ ሠርቶታል።»

«ለማን ብሎ ነው?» አለ ኦታቪዮ። «ማን ሊከፍተው?»

ተነሳሁና ከምድጃው በላይ ያለውን አሮጌ ኩራዝ አወረድኩ።

በኩራዝ ምን እንደምንሠራ የእኛ ሰዎች ያውቃሉ። የኩራዙ ነበልባል ጠመንጃው አካል ላይ፣ አፈሙዙ በሚያርፍበት ቦታ፣ ቀጭን ጥላሸት ይቀባል። አፈሙዙን ትዘጋለህ፣ ትከፍታለህ። ጥላሸት ተላልፎ አፈሙዙ ላይ የታየበት ቦታ ብረቱ ከብረቱ ጋር የተነካካበት ነው። ያልጠቆረው አልነካም ማለት ነው። ከዚያ የነካውን በሞረድ ትዳብሰዋለህ፣ እንደገና ጥላሸት፣ እንደገና መዝጋት። ማጋጠም ማለት ይኸው ነው። ፋውስቶ እድሜውን ከዚህ ጥላሸት ጋር ነው ያሳለፈው፤ አንሶላዎቼ ምስክር ናቸው።

«በቅሎዋን መጀመሪያ» አልኩት ኦታቪዮን።

ጥላሸት ቀባ፣ ዘጋ፣ ጓ!፣ ከፈተ። ሦስት ጥቁር ነጠብጣብ። አንዱ ፊት ለፊት፣ ሁለቱ ከሥር።

«ይበቃታል» አለ ቦርቶሎ ስንነግረው። «ለቁጥር አንድ በሦስት ቦታ ከያዘ ሞራንዲኒ 'ቀጥል' ነው የሚለው። በሦስት እግርም በርጩማ ይቆማል።»

«አሁን ሙሽራዋን።»

«እማ፣ እኔ ነክቻት አላውቅም።»

«አባትህ እንደሆነ ሞቷል። ማንን ነው የምትፈራው? ንካት!»

አፈሙዙን ከአካሉ ለየው። ኩራዙን ከሥሩ ሲያመጣ ነበልባሉ ተንቀጠቀጠ፤ ብሩህ የነበረው ብረት ቀስ ብሎ ጠቆረ፣ እንደ ቬልቬት። አፈሙዙን መልሶ አያያዘው። ዘጋው።

ያን ድምፅ እንዴት ልንገራችሁ? ድምፅ አይደለም። ሰው በእርጋታ «አዎ» ያለ ነው የሚመስለው። ቦርቶሎ ባርኔጣውን ያወለቀው ሳያስበው ነው።

ኦታቪዮ ከፈተ። ወደ መስኮቱ ዞር አድርጎ አየው። ከዚያ ሰጠኝ።

አፈሙዙ ከዳር እስከ ዳር ጠቁሯል። ነጠብጣብ አይደለም፣ መስመር አይደለም፤ አንድ ወጥ ጥቁር ነገር፣ ፀጉር የምታህል ባዶ ቦታ የሌለበት። ብረቱ ከብረቱ ጋር ያልተገናኘበት አንዲት ቦታ የለችም። የሰው እጅ ይህን እንዴት ይሠራል? እኔ በመቶ እሁድ፣ በሺህ እሁድ፣ የሰማሁት ያ ፍርጭ፣ ፍርጭ የሚለው የሞረድ ድምፅ ይህን ነበር የሚያባርረው፤ በሁለት ብረቶች መካከል የቀረችውን የመጨረሻዋን አየር። አፈሙዙን በሁለት እጄ ከፍ አድርጌ ያዝኩት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ እንዲያ ሆኜ አላውቅም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ኦታቪዮ ጣቱን ጥላሸቱ ላይ ሊያደርግ ፈልጎ ተወው። «ቦርቶሎ» አለ፣ ጋሼ ማለቱን እንኳ ረስቶ፣ «ሙሉ ነው። ሙሉ በሙሉ ጥቁር ነው።»

«አውቃለሁ» አለ ቦርቶሎ። «ስትዘጋ ሰማሁት።»

«እና አሁንም ትበሳ ትላላችሁ?» አልኳቸው።

ልጄ ለረጅም ጊዜ ጠመንጃዋን አየ። አባቱን የሚያይ ነበር የሚመስለው። «ይህን መብሳት አልችልም» አለ በመጨረሻ። «ብትፈነዳ ትፈንዳ። እኔ ግን ይህን መሰርሰሪያ ሥር አላስገባም። ትሞከር።»

ቦርቶሎ ተነፈሰ። «ወፌስ?»

«ወፍህ ወፍ ከሆነች ትበራለች» አልኩት።

መሞከሪያ ቤቱ ከቤታችን ሩቅ አይደለም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ተኩሱን እየሰማሁ ነው የኖርኩት፣ ሰዓት እንደመስማት ነው። ውስጡ ግን ገብቼ አላውቅም። የሚሞክረው ሰው ሌሌ ይባላል፤ እናቱ ጎረቤቴ ነበረች፣ የሽንት ጨርቁን ያጠብኩለት ልጅ ነው። አሁን ራሰ በራ ሆኗል።

«እማማ ሳንቲና! እርስዎ ደግሞ ምን ተኩሰው ነው የመጡት?»

«አፌን ነው የተኮስኩት፣ እሱ ማኅተም አያስፈልገውም። ይህችን ሞክርልኝ።»

ጨርቁን ሲገልጥ ፈገግታው ጠፋ። እጁን በሱሪው ጠረገ፣ ከዚያ እንደገና ጠረገ። «ይህች ... ይህች ናት ያቺ? የጋሼ ፋውስቶ? አባቴ ስለሷ ያወራ ነበር፤ ተረት መስሎኝ ነበር።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እማማ፣ ከልብ ነው የምልዎት፣ ይህ ጥይት አይምርም። የመጣ ሁሉ ያልፋል ማለት አይደለም። ሰደፉን እንፍታው፣ ቢያንስ እንጨቱ ይትረፍ። ሳህኖቹንም እናውልቃቸው።»

ቦርቶሎ ከኋላዬ «አዎ፣ እናውልቅ» ሲል ሰማሁት።

«አታወልቅም» አልኩት። «ግማሽ ጠመንጃ ይዤ አልመጣሁም። እሱ የሠራው አለበት፣ ቦርቶሎ የሠራው አለበት፣ እኔ የሠራሁት አለበት። ብትሄድ አብረን እንሄዳለን።»

ሌሌ ወደ ኦታቪዮ አየ። ኦታቪዮ ራሱን ነቀነቀ። «እንዳለችህ አድርግ። ከእሷ ጋር ተከራክሮ ያሸነፈ አንድ ሰው አላውቅም። አባዬም ምድር ቤት የገባው ለዚያ ይመስለኛል።»

በሌላ ቀን ቢሆን በጥፊ ነበር።

ሌሌ ጠመንጃዋን ከግንቡ በስተጀርባ በብረት አልጋ ላይ አሰራት፤ ምላጩ በገመድ ነው የሚሳበው። ሁለቱን ጥይቶች አጎረሳት። ወፍራሙን በር ዘጋና እኛ ወዳለንበት መጣ። «ጆሯችሁን ያዙ» አለ።

አልያዝኩም። ባሌ በሕይወቱ ያልሰማውን እኔ ልስማለት ብዬ ነው።

የመጀመሪያው ሲተኮስ ወለሉ ከእግሬ ሥር ተነቃነቀ። ሁለተኛው ወዲያው ተከተለ። ከጣሪያው አንድ ሁለት ጠጠር ወረደ። ቦርቶሎ ክንዴን ይዞኛል፤ መቼ እንደያዘኝ አላውቅም። ኦታቪዮ ግድግዳውን ነው የሚያየው። ሌሌ በሩን ከፍቶ ሲገባ የባሩዱ ጭስ ወደ እኛ መጣ፣ እኛም በጭሱ ውስጥ ቆመን ጠበቅን። ውስጥ ሆኖ ምንም አይናገርም። መሣሪያ ሲያነሳ፣ ሲያስቀምጥ ይሰማናል።

«ሌሌ!» ብዬ ጮኽኩ። «ሞታ እንደሆነ ንገረን፣ አታንጠልጥለን!»

«እማማ ሳንቲና» አለ ከጭሱ ውስጥ። «ይምጡ እስቲ። እርስዎ ብቻ ይምጡና ይዩ።»

ገባሁ። አፈሙዙን ከአካሉ ለይቶ ወደ መብራቱ ይዞታል። «በዚህ በኩል ይመልከቱ» አለኝ። አንዱን ዓይኔን ጨፍኜ በአፈሙዙ ውስጥ አየሁ። ውስጡ ብርሃን ነው። የብርሃን ቀለበት፣ በውስጡ ሌላ ቀለበት፣ በዚያም ውስጥ ሌላ፣ እየጠበበ እየጠበበ እስከ ማዶ ይሄዳል፤ የተጣመመ የለም፣ የተሰበረ የለም። «ብረቱ ትንሽ ቢነፋ ኖሮ አንዱ ቀለበት ይጎብጥ ነበር» አለኝ ሌሌ፣ በሹክሹክታ፣ እንደ ቄስ። «አልነቀነቃትም። ለካሁት፤ ፀጉር አልተንቀሳቀሰም። እኔ ይህን ሥራ ስሠራ እንዲህ ያለ አላየሁም።»

ሁለተኛውንም አፈሙዝ አየሁ። እዚያም ቀለበቶቹ። ዓይኔን ማንሳት አቃተኝ። ሰማይን በቱቦ ውስጥ እንደማየት ነበር።

«ኦታቪዮ» አልኩ፣ «ኩራዙን።»

ይዞት መጥቷል፤ ከኮቱ ሥር ደብቆ። ሌሌ «እዚህ እሳት ክልክል ነው» ሊል ነበር መሰለኝ፣ ግን ጠመንጃዋን ይዞ ራሱ ከባሩዱ ርቆ ወደ ግቢው አወጣን። በፀሐይ፣ በድንጋዩ ላይ፣ ልጄ ጥላሸት ቀባ፣ ዘጋ። «አዎ» አለች እንደገና። ከፈተ።

ከዳር እስከ ዳር ጥቁር። እንዳለች።

ቦርቶሎ ወፏን በአውራ ጣቱ ፈለጋት፣ አገኛት፣ ከዚያ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም። እኔ ተናደድኩ። ፋውስቶ፣ አንተ ፈሪ፣ አንተ የምድር ቤት ጉጉት! ያን ሁሉ ዘመን ሥራህ ልክ ነበር። ገና አልነበረችም፤ ደርሳ ነበር። ከእኔ በፊት ማወቅ የሚገባህ አንተ ነበርክ፣ እኔ ግን ቀድሜህ አወቅኩ። እንዲህ ብዬ በልቤ ሰደብኩት፣ እየሰደብኩትም አንድ ነገር ከደረቴ ላይ ተነሳ። እሁዶቼ ለጌጥ አልሄዱም።

ሌሌ ማኅተሙን አመጣ። አፈሙዙን ገልብጦ፣ ትንሿን ብረት አስቀምጦ፣ መዶሻውን አነሳ። ኦታቪዮ ፊቱን አዞረ። መዶሻው ወረደ፤ ጭረት በማታውቅ ገላ ላይ ትንሽ ጠባሳ ቀረ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። የማውቀው ምልክት ነው፤ ዕድሜ ልኬን በቅሎዋን ስወለውል ከሥሯ ያየሁት ያው ማኅተም። ቁጥር አንድ አይል፣ ቁጥር ስድስት አይል። መሞከሪያ ቤቱ ለገበሬውም ለመኳንንቱም ያንኑ ብረት፣ በዚያው መዶሻ ነው የሚመታው። ያ እንዳስደነገጠኝ ወፏም አላስደነገጠችኝም።

መከር ሲገባ አደን ተከፈተ። የመጀመሪያው እሁድ ጠዋት ጉም ተራራውን እስከ ወገቡ ሸፍኖት ነበር፣ ካፊያም ነበር። ውሻው በር ላይ ያላዝናል። ኦታቪዮ ቦት ጫማውን አጥልቆ በቅሎዋን ከመስቀያዋ ሲያወርድ ደረስኩበት።

«አስቀምጣት» አልኩት።

«እማ፣ እየዘነበ ነው።»

«ይታየኛል። ዓይኔ የቦርቶሎ አይደለም።» ሙሽራዋን ከጨርቋ አውጥቼ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ጨርቁን አልሰጠሁትም፤ ለወለል መጥረጊያ ፈልጌዋለሁ።

«አባዬ ቢያይ እንደገና ነበር የሚሞተው» አለኝ።

«ይሙት። አንተ ሂድ። ደረቅ ሆና ብትመልሳት ግን እራት የለህም።»

ደጃፍ ቆሜ አየኋቸው። ዝናቡ ወዲያው አገኛት፤ በእንጨቷ ውስጥ ያለው ደመና ሲርስ ጠቆረ፣ በላዩ ያለው ውሃ እየተንከባለለ መረቤ ውስጥ ገባ። ውሻው ቀደመ። ጉሙ በመጀመሪያ ውሻውን፣ ከዚያ ልጄን፣ በመጨረሻ የአፈሙዞቹን ጫፍ ወሰደ። ወጡን ጣድኩና መስኮቱን ከፍቼ ተቀመጥኩ፣ እሁዶቼ ተኩስ ሆነው ከላይ ከተራራው እስኪሰሙኝ።